«ያዘ?» «አልያዘም!»

እናንተ የዘመኔ ሰዎች፣ ወገባችሁ እንዴት ነው? የእኔን ተዉት። ዛሬ የተነሣሁት ስለ ወገብ ላወራ አይደለም፤ ምንም እንኳ የወገቤ ሕመምና የዛሬው ሮሮዬ ከአንድ ጣራ ላይ የወረዱ ቢሆኑም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና የከተማችን የሁሩታ ቆርቆሮ ፀሐይ ሳይነካው፣ የልጅ ልጄ ሶፋ ላይ ተንጋሎ ሞባይል ያነሣል። የ6 ዓመት ልጅ ነው፤ የፊት ጥርሱን ገና አልተካም። አንድ ካርቱን ይከፍታል፤ ሳይስቅበት ይዘጋዋል። ሌላ ይከፍታል፤ አይጡ ከጉድጓዱ ብቅ ሳይል ይዘጋዋል። ዳሰስ፣ ገፋ፣ ዳሰስ፣ ገፋ፤ በርበሬ የሚያማርጥ ገበያተኛ እንኳ እንዲህ አያገላብጥም። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ 14 ታሪክ አንገት አንገቱን ቀንጥሶ ጣለ። «ኧረ አንዱን እንኳ ጨርሰው፤ ያ ዳክዬ ምን ሆነ?» ብለው፣ «ይደብራል አባባ» አለኝ። ይደብራል! በእኛ ጊዜ ማን ይደብረው ነበር? መደበር የሚባል ነገር ሁሩታ አልደረሰም ነበር፤ እሱም ከዲሽ ጋር የገባ ነው።

የእኛን ጊዜ ልንገራችሁ እንጂ።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በጥቅምት 1957፣ በጃንሆይ የዘውድ በዓል ሰሞን ነው። መጀመሪያ ያየው የአዲስ አበባ ሰው ነበር። እኛ አርሲዎች ያን ጊዜ የምናየው ስንዴና ገብስ ነው፤ እሱም ቢሆን የዚያን ጊዜ ስንዴ የሚታይ ነገር ነበረው፣ ቁመቱ ሰው ያስንቅ ነበር። የዛሬውን ኮምባይነር ገና ሳይበቅል ያጭደዋል። እናም በዚያው በ1957 ተስፋዬ ሳህሉ የሚባሉ የቴአትር ሰው ከካሜራ ፊት ቁጭ ብለው ለልጆች ተረት ማውራት ጀመሩ። አባባ ተስፋዬ! የጎረቤታችን የባሌ ልጅ ናቸው፤ ስለዚህ ግማሹ የእኛ ነው። በወጣትነታቸው ሴት ተዋናይ በጠፋበት መድረክ እንደ ሴት ለብሰው ተውነዋል፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ወታደሩን አጫውተዋል። ከዚያ መጥተው 42 ዓመት ያንኑ የልጆች ፕሮግራም አቀረቡ። አርባ ሁለት! የእኔ የልጅ ልጅ በአርባ ሁለት ሰከንድ ስንት ፕሮግራም ይቀያይራል?

ለሁሩታ ሰው ቴሌቪዥን የደረሰው በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ገና የ24 ዓመት ልጅ። በሰፈራችን አንድ ነጋዴ ገዛና በባለ መዝጊያ ሳጥን ውስጥ ቆለፈው። ከላዩ ዳንቴል ለብሷል፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። የቤቱ እመቤት በር ላይ ትቆምና እግሩን ያልታጠበ አታስገባም። ቴሌቪዥን ለማየት እግር መታጠብ! እስቲ ዛሬ ማን ነው ለዩቲዩብ እግሩን የሚታጠብ? እኛ ጣሳ ይዘን ተራ ጠብቀን፣ ተረከዛችንን በድንጋይ ፈግፍገን ነበር የምንገባው። ያ ትውልድ ንጹሕ ትውልድ ነበር፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን።

ሁሉም ከገባና ምንጣፉ ላይ ከተደረደረ በኋላ ቁልፉ ይመጣል። መዝጊያው ይከፈታል። ቴሌቪዥኑ ይሞቃል፤ አዎ፣ እንደ ምጣድ ይሞቅ ነበር፣ አስቀድሞ ይሰማል፣ ኋላ ይታያል። ከዚያ... ምንም። እንደሚቆላ የገብስ ቆሎ እየተንጣጣ ሽሽሽ ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል፤ ረጅም ነበርኩና።

አንቴናው በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ታስሮ ጣራው ላይ ተተክሏል። እኔ እወጣለሁ። «ያዘ?» እላለሁ። «አልያዘም!» «አሁንስ?» «ድምፁ መጣ፣ ሰውዬው ጠፋ!» ወደ አዳማ አዞራለሁ። «አሁንስ?» «ሰውዬው መጣ፣ ድምፁ ጠፋ!» ወደ ኢተያ መለስ አደርገዋለሁ። «ያዘ! ያዘ! እዚያው! እንዳትነቃነቅ!» እጄን ሳነሣ ይሄዳል፤ እጄን ስመልስ ይመጣል። ስለዚህ እጄን አላነሣም። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ የጭላሎ ንፋስ ሸሚዜን እንደ ባንዲራ እያርገበገበው ያን ብረት አቅፌ እቆማለሁ።

ከሥር፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ፣ ያ ድምፅ ይመጣል፦ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ብለው አባባ ተስፋዬ ዝም ይላሉ። ዝም የሚሉት እኛ እንድንመልስ ነው! አገር ሙሉ ልጅ በየቤቱ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጅ ነሥቶ ይመልሳል። እስቲ የትኛው የዛሬ ካርቱን ነው ሰላም ብሎ መልስ የሚጠብቅ? እኔም ጣራው ላይ ሆኜ አንገቴን ሰበር አድርጌ «ጤና ይስጥልኝ» እል ነበር። የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች ይሉናል። ጺሜ ሙሉ ነበር፤ ቢሆንም አበባ ነበርኩ።

አንድ ቀን የጅብ ተረት ነበር። ጅቡ አህያይቱን ገደል አፋፍ ላይ አድርሷታል። ከሥሬ ቤቱ በሙሉ ጭጭ አለ። ከዚያ በአንድ ጊዜ በሳቅ ፈረሰ። «ምን ሆነ?» አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም። «ኧረ ጅቡ ምን ሆነ?» ዝም። ስወርድ ሁሉም ወደየቤቱ ሄዷል፤ መዝጊያው ተቆልፎ ዳንቴሉ ወርዷል። እንዲህ ያለ ጣዕም ያለው ፕሮግራም ነበር እንግዲህ! አርባ ምናምን ዓመት ሆነው፤ ያ ጅብ እስከ ዛሬ በልቤ አለ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ያን ሳጥን «ሙት ሳቢ» ይለው ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ሳጥን ውስጥ ገብቶ አያወራም ባይ ነው። «ልጁ ሁሉ ከብት ማገዱን ትቶ መስታወት ላይ አፈጠጠ፣ ዘመን ተበላሸ» እያለ ምድጃ ዳር ሲያጉረመርም ያመሻል። አንዳንድ ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ አዲስ ነገር ሁሉ ያንገሸግሸዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ በዚያ በኩል አልወጣሁበትም።

ኋላ በ1977፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሰሞን፣ ቀለም መጣ። የጥፋት መጀመሪያ ያ ነው። በጥቁርና ነጭ ጊዜ እኮ ቀለሙን የምታወጣው አንተ ነህ። የአባባ ተስፋዬ ልብስ ሰማያዊ ነው ስል ባለቤቴ ቡናማ ነው ትለኛለች፤ በዚህ ስንት ምሽት በፍቅር ተጣልተናል! (እሷ ከውስጥ ነበር የምታየው፤ ግን እኔ ከላይ ስለነበርኩ አሻግሬ አያለሁ።) ቀለሙ መጣና ክርክራችንን ገደለው።

ካርቱንስ ቢሆን? ካርቱን ማለት ቶምና ጄሪ ነው፤ ሌላው ሥዕል ነው። ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1932 ዓ.ም. የፈጠሯቸው፣ ሰባት ኦስካር የበሉ ድመትና አይጥ። ጨዋዎች ናቸው። አይናገሩም። ስለማይናገሩ ተርጓሚ አያስፈልጋቸውም፤ ሁሩታም ሆነ ሞስኮ እኩል ይገባሉ። የዛሬው ካርቱን ግን ድብድብ ብቻ ሆነ፤ ልጅ ምን ይማርበታል? ቶም እኮ በመጥበሻ ሲመታ እንኳ በሥርዓት ነው የሚመታው፣ ፊቱ የመጥበሻውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ደም የለ፣ ስድብ የለ። አንድ ጊዜማ ጅራቱን በኤሌክትሪክ... ለነገሩ አይታችሁታል። ለልጅ የሚሆን ያ ነው።

ሚኒሶታ ያለው የእህቴ ልጅ፣ እኔ ሞባይል ስለማልወድ በየማታው በኢሞ እየደወለ ያስመሸኛል፣ ብሶቱ ከእኔ ይብሳል። እዚያ ያደጉ የሥራ ባልደረቦቹ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያዝናሉ አለኝ። አሜሪካም እንደ እኛ የታደለች ነበረች ለካ! ሲቢኤስ የሚባለው ጣቢያ በእነሱ 1955 ካባ ለብሳ የምትበር አንዲት ጡንቸኛ አይጥ ቅዳሜ ጠዋት ላይ አመጣ። ነገሩ ሰመረና በእነሱው 60ዎቹ አጋማሽ ሦስቱም ትልልቅ ጣቢያዎች የቅዳሜን ጠዋት ለካርቱን ሰጡ። ልጁ ሌሊት ይነሣል፤ ወላጅ ይተኛል። በየመሐሉ በስኳር የተነከረ የቁርስ እህል ማስታወቂያ ይለቃሉ። (ገብስን ለምን በስኳር ያበላሹታል? ቆልተው አይቆረጥሙትም?) ስኩቢ ዱ የሚባለው ፈሪ ውሻ በእኛ መስከረም 3 ቀን 1962 የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

እነዚያው ሃና እና ባርቤራም ይሠሩበት የነበረው ስቱዲዮ ካርቱን ክፍሉን በ1957፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ሲዘጋባቸው ለቴሌቪዥን በርካሽ መሥራት ጀመሩ። ዮጊ የሚባለውን ድብ አይታችሁታል? ኮሌታና ክራቫት አለው። ሱሪ የለውም፣ ክራቫት ግን አለው። ለጨዋነት መስሎኝ ሳደንቀው ኖሬ፣ የእህቴ ልጅ ምሥጢሩን አወጣብኝ፦ አንገቱ ላይ ኮሌታ ካለ ከበላይ ጭንቅላቱን ብቻ እየሣሉ ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ ከታች ያለው ገላ አንድ ጊዜ ተሥሎ ዝም ብሎ ይቆማል። ለቁጠባ ኖሯል! እኔ ግን አልከፋኝም። አካልህ ባለበት ቀጥ ብሎ ጭንቅላትህ ብቻ ሲዞር ምን ማለት እንደሆነ ጣራ ላይ ተምሬዋለሁ።

ታዲያ ያ ሁሉ ቀረ። አንዱ ጣቢያ ሌላውን ተከትሎ ተወው፤ ሲደብሊው የሚባለው የመጨረሻውም በእነሱ መስከረም 27 ቀን 2014 ዘጋ። ቆጥሬ ብመጣ የእኛ መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት! እኛ በደመራው አመድ ግንባራችንን ስንቀባ እነሱ ካርቱናቸውን ቀብረዋል። የሚገርመኝ ግን እኛ ያኔ 2007 ላይ ነበርን። ሰባት ዓመት ወደኋላ ያለን ሰዎች ሰባት ዓመት ተጨማሪ ካርቱን ይገባን አልነበረም? ማን ወሰደብን?

በምትኩ የመጣልንን ልቁጠር? ዲሽ መጣና ልጆቻችን ኤምቢሲ 3 በሚባለው የዓረብኛ ጣቢያ ላይ ተጥደው ዋሉ። አንድ ቀን የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ ከቤት እየሮጠች ወጥታ በጥርት ያለ ዓረብኛ ስታናግረኝ ሼኽ ጎረቤታችን ዞር ብለው አዩኝ። በ2008 ደግሞ ቃና የሚባለው ጣቢያ መጣ፤ የቱርክ ሰው ኢስታንቡል ላይ ቆሞ በአማርኛ ያለቅሳል። ይህን አላይም፤ ያየሁትም የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነው፣ ከእሱ በፊት የነበሩትን መቶ ሃያዎች ለመረዳት።

ያቺ ቀጭኔስ? ፀሐይ የምትባለው፣ መማር የምትወደው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል አስተማሪ ከባለቤቷ ጋር ሆና የሠራቻት አሻንጉሊት ናት፤ ከጃፓን ድረስ ተሸልማለች ይላሉ። እኔ ምን አልኩ፣ «ቀጭኔ ሁሩታ መቼ ታየች? በሬ ጠፍቶ ነው?» አልኩ። ቀጭኔ ሰውን እጅህን ታጠብ ስትል መስማት! እኛ ያለ ማንም አስተማሪ፣ በገዛ ፈቃዳችን፣ በዱላ እንታጠብ ነበር። እርግጥ ነው እሷን ካየሁ ወዲህ ምሳ ላይ በሳሙና ነው የምታጠበው፤ ግን ከእሷ የተማርኩት አይደለም፣ እንዲያው ገጠመ።

መብራት እንኳ እኮ እንደ ድሮ አይጠፋም። ድሮ ሲጠፋ ቁርጡን ነው፤ እናቶቻችን ፋኖሱን ያበሩና የኦሮሞው ልጅ «ዱር ዱሪ» ሲል፣ የአማራው «ተረት ተረት» ሲል፣ አንዱ የሌላውን ጅብ እየሰረቀ እናመሻለን። ዛሬ መብራት ሲጠፋ ቤቱ ሁሉ ቻርጅ ስንት ቀረህ ይባባላል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠፋ። ዋይፋዩ አብሮት ሄደ። ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጎረቤት ካሉ ልጆች ጋር አራት ሆነው ቶምና ጄሪን ሊያዩ ተቀጣጥረው ኖሯል። ቶምና ጄሪ ሲሉኝ፣ መቼም ሰው ነኝ። የእኔ ስልክ ዳታ አለው። ሆትስፖት የሚባለውን ከፈተልኝና ስልኩን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ወጣሁ። በረንዳው ላይ የለም። ከወይራው ሥር የለም። በመጨረሻ ሮቶው አጠገብ ያለችው ድንጋይ ላይ ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ።

«ያዘ?» አልኩ።

«አልያዘም አባባ!»

ወደ አዳማ ዞርኩ። «አሁንስ?»

«ይሽከረከራል!»

ወደ ኢተያ መለስ አልኩ።

«ያዘ! ያዘ! አባባ፣ እዚያው ቁም! እንዳትነቃነቅ!»

ቆምኩ። ከመስኮቱ ውስጥ መጀመሪያ ሙዚቃው መጣ፣ ቀጥሎ የሳህን መሰበር፣ ቀጥሎ አንድ ነገር ከደረጃ ላይ እየተንከባለለ ሲወርድ። ከዚያ አራቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ።

«ምን ሆነ?» አልኩ። «ኧረ ድመቱ ምን ሆነ?»