አልጠፋም ያለው ላፕቶፕ

ከካዛንቺስ ቂርቆስ ሩቅ አገር አይደለም። ላፕቶፕ ታቅፎ ለሚሄድ ሰው ግን መንገዱ ሁሉ ሐኪም ነው።

የእኔው በሽተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የሚሄደው። «ባትሪዬ እያለቀ ነው» ብሎ መሰናበት የለ፣ ሰማያዊ ስክሪን የለ፤ አረፍተ ነገር ግማሽ ላይ ድርግም። መልሶ ሲነሣ ዊንዶውስ መዝገቡ ላይ «ከርነል ፓወር 41» ብሎ ያሰፍራል፤ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ይህንንማ እኔም አይቻለሁ! ለምን እንደጠፋ ግን መዝገቡ ትንፍሽ አይልም።

የመጀመሪያዋ መርማሪ ካዛንቺስ ማኪያቶ ያመጣችልኝ አስተናጋጅ ነበረች። «መብራቱ ነው» አለች፣ አምፖሉ አናታችን ላይ ቦግ ብሎ እየበራ። ቢጠፋስ? ደህና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ በባትሪው ይቀጥላል እንጂ አብሮ አይሄድም። ይህን ላስረዳት ስጀምር ሌላ ጠረጴዛ ጠራት።

ተነሥቼ ቁልቁል ወረድኩ። የአፍሪካ መሪዎች በ1955 ዓ.ም. ቻርተር የፈረሙበትን የአፍሪካ አዳራሽ ሳይ፣ ያ ሁሉ መንግሥት በተስማማበት ሰፈር እኔና አንድ ላፕቶፕ መስማማት አለመቻላችን አሳፈረኝ። እስጢፋኖስን ተሳልሜ፣ መስቀል አደባባይን አቋርጬ ስታዲየም ላይ ባቡር ያዝኩ። መሿለኪያ ቀጣዩ ፌርማታ ነው፤ ለምርመራ ግን በቂ ጊዜ አለው። ሰው በሰው ላይ ተጭኖ ሳለ አንድ ወጣት ደረቴ ላይ ያለውን አይቶ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ፎርማት አድርገው፣ ወንድሜ።»

በዚህ ከተማ ፎርማት የማያድነው በሽታ የለም። ስክሪን ቢሰበር ፎርማት፣ ቡና ቢፈስበት ፎርማት። አጠገቡ የቆሙ እናት ነጠላቸውን ሰብስበው፣ «ልጄ፣ ዓይን ነው። ሰው ፊት አትክፈተው» አሉኝ። የእሳቸው መድኃኒት ቢያንስ ፋይል አያጠፋም።

ቂርቆስ ያለው ሠሪ ሁለት ሰው በማያሳልፍ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ነው። እሱ መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነበረው።

«ጋሼ፣ ቻርጀር ላይ እያለ ነው የሚጠፋው በባትሪ?»

«በሁለቱም።»

«ሲጠፋ ሆዱን ዳብሰውታል?»

«ይፋጃል።»

«በዓይናችን እንየዋ» ብሎ ከፈተው። ቤት ውስጥ ፋታ የማይሰጠኝ ላፕቶፕ፣ እንግዳ ፊት እንደተቀመጠ ጨዋ ልጅ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ልጁም በእኔ ላይ መጠራጠር ጀመረ። በመጨረሻ ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቅ ፕሮግራም ለቀቀበት፤ ሙቀቱን ስክሪኑ ላይ እናያለን። 80፣ 90፣ 97... 100 ዲግሪን አለፍ ሲል ድርግም!

«ጠፋ!» ብዬ በደስታ ጮህኩ። የጎረቤት ባለሱቅ ምን ተሰረቀ ብሎ እየሮጠ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ እንዳይቃጠል ኃይሉ በቅጽበት ይቋረጣል፤ ለመሰናበት ጊዜ የለም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየራችን ከባሕር ዳር አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚሳሳ፣ ፋኑ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ይበልጥ ይደክማል። ብርዳችን የሰጠውን ከፍታችን ይቀንስበታል።

ልጁ ብሎኖቹን ፈትቶ ጀርባውን ሲያነሣ በፋኑና በአየር መውጫው መካከል ግራጫ ምንጣፍ የመሰለ አቧራ ተጋድሟል። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«የት ነው የሚኖሩት፣ ጋሼ?»

«ካዛንቺስ፤ ከግንባታው አጠገብ።»

አቧራውን በብሩሹ ጫፍ አንሥቶ ተመለከተው። «ካዛንቺስ በ2017 ፈረሰ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ለካ ግማሹ እዚህ ገብቷል።»

ጠረገው፣ አዲስ ፔስት ቀባው፣ ያንኑ አስጨናቂ ፕሮግራም መልሶ ለቀቀበት። ሙቀቱ 80 እንኳ ሳይደርስ ቆመ።

እናንተም ሠሪ ጋ ስትሄዱ «ተበላሸ» ብላችሁ ብቻ አትስጡት። ሥራ ሲበዛበት ነው የሚጠፋው? ቻርጀር ሲነቀል? ሆዱ ሲግል? አስተውላችሁ ሂዱ። ፎርማት አድርጉት የሚላችሁ ካጋጠማችሁ ደግሞ፣ ፋኑን ከፍቶ አይቶት እንደሆነ ጠይቁልኝ።