ተከሳሿ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ

ጋራዥ ገብቶ የታደሰ ሞተር ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ የደብረ ሲናን ዳገት ሳያጋምስ ከፈላ የጋራዡ ፍርድ የታወቀ ነው፤ ጥፋተኛዋ የይፋት ቆላ ፀሐይ ናት። ምስኪን፣ አንድ ብሎን እንኳ አላጠበቀችም! እርግጥ ሙቀቱ ራዲያተርን ይፈትናል፤ ወደ ጣርማበር የሚወጣው መንገድም ሜዳ አይደለም። ግን የሞተር ውሃ በደህናው ቀንም 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደግሞ በዚያችው ፀሐይ ሥር ሞተሩ ተከፍቶ የማያውቅ አሮጌ አይሱዙ ሽንኩርቱን ጭኖ በአጠገቡ ያልፋል። እንግዲህ የሚጠረጠሩት ውሃ ሲሞላ ታፍኖ የቀረ አየር፣ ገጹ ሳይስተካከል የተገጠመ ቴስታታና በክንድ ግምት የጠበቀ ብሎን ናቸው። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» ይባላል። የፒስተን ፋሻና ሲሊንደር በእርግጥ ይላመዳሉ፤ ራዲያተር ውስጥ ያለማቋረጥ የሚንቆረቆር አረፋ ግን የቴስታታው ጋስኬት ጋዝ ማሳለፉን ይጠቁማል፤ መፍትሔውም ቴስታታውን አውርዶ መፈተሽ ነው። ለጊዜው የታዘዘው ሕክምና ግን በሌሊት መንዳት ነው።