«ከፊቱ አይሠራም፤ ከኋላ ይሰኩት»፦ በወልቂጤና በቡታጅራ ስለ ኮምፒውተር የፊት ቀዳዳ የተደረገ ጥናት

ቡታጅራ ለጥናት እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራማሪዎች በዙሪያዋ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ ሲሉ መዝግበዋል። የጉራጌ ቋንቋዎችም ተመራማሪ አላጡም፤ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 ሦስት ቅጽ የሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት አሳትመውላቸዋል። በኮምፒውተር ሳጥን ፊት ለፊት ስላለችው፣ የማዳመጫ ሥዕል ስለተሣለባትና ድምፅ ስለማትሰጠው ቀዳዳ ግን አንድ ገጽ የጻፈ የለም። ክፍተቱን ለመሙላት የተነሣሁት በራሴ ወጪ ነው። ወጪው የሚኒባስ ነው።

አስቀድሞ ብያኔ። «ሳጥን» ስል ሕዝባችን በሙሉ ድምፅ «ሲፒዩ» ያለውን ማለቴ ነው። እውነተኛው ሲፒዩ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ከሕዝብ ጋር አልጣላም። «የፊት ጃክ» ደግሞ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ ናት። ዘሯ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ኦፕሬተሮች ደዋይን ከተደዋይ ለማገናኘት ገመድ ይሰኩበት ከነበረው ቀዳዳ ይመዘዛል። በዚያኛው በኩል ኦፕሬተር ነበረች፤ በዚህኛው በኩል ማንም የለም። ሁለቱ ከተሞች ዛሬ በሁለት ዞን ናቸው፤ ወልቂጤ በጉራጌ፣ ቡታጅራ በምሥራቅ ጉራጌ። በፊት ጃክ ረገድ መለያየቱ ያመጣው ለውጥ አልታየም።

የመስክ ሥራው የተጀመረው ወልቂጤ ውስጥ፣ «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ማስታወቂያ በለጠፈ ሱቅ ነው። የተጫነልኝን ዘፈን ልሞክር ብዬ ማዳመጫዬን ከፊት ስሰካ ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ከፊቱ አይሠራም፤ ከኋላ ይሰኩት።»

«ተበላሽቶ ነው?»

«አይ፣ ድሮም አይሠራም።»

ከዚያ ተንበርክኮ ጠረጴዛው ሥር ገባ። በሕግ አረንጓዴው ቀዳዳ የድምፅ መውጫ፣ ሮዙ የማይክሮፎን፣ ሰማያዊው የድምፅ መግቢያ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ባለ ጨለማ ግን ሁሉም ጥቁር ናቸው። ልጁ በጣቱ ዳብሶ መጀመሪያ ማይክሮፎኑ ላይ ሰካ፤ ቀጥሎ አገኘው። ሲወጣ ግንባሩ ላይ የሸረሪት ድር ነበር። ይህንን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርግ ብጠይቀው ሳቀ፤ ሳቁን መዝግቤዋለሁ።

መንስኤውን ለጉራጌ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። የጉራጌ ቤት ፊቱ ወደ ጀፎረ ነው፤ እንግዳ የሚመጣው በዚያ በሰፊው ሣር መንገድ ነው። እንሰቱ ያለው በጓሮ ነው። ኮምፒውተርም እንዲሁ ፊትና ጓሮ አለው። መጀመሪያ ድምፅ የሚኖረው ማዘርቦርዱ ላይ ነበር፤ ከእሱ ወደ ፊት ጃክ የሚሄድ አንድ ቀጭን ገመድ አለ። ነገር ግን የማዘርቦርዱ ድምፅ ማውስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ማዳመጫ ውስጥ እንደ ንብ ዝዝ ሲል ባለቤቱ ይሰለቸውና ከመርካቶ ሳውንድ ካርድ ይገዛል። ካርዱ ሲገባ ቀዳዳዎቹ በሙሉ በጓሮ በኩል ይከፈታሉ። ድምፁ ቤት ቀየረ፤ የጀፎረው ገመድ ግን ከአሮጌው ቤት ጋር እንደታሰረ ቀረ። እንግዳው ከፊት ያንኳኳል፤ ባለቤቱ እንሰቱ ውስጥ ነው።

መድኃኒቱ ገመዷን ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ካርዱ ላይ መሰካት ነው፣ ካርዱ ለዚህ የሚሆን መርፌ ካለው። ከሌለው ጥናቱ እዚህ ያበቃል። ካለው አሥር መርፌ የሚይዝ ቦታ ነው፤ ስምንተኛው ሆን ተብሎ ተጓድሏል፣ ገመዱ ተገልብጦ እንዳይገባ። የዩኤስቢው መሰኪያ ወንድሙን ይመስላል፤ የእሱ የጎደለው ግን ዘጠነኛው ነው። በጉልበት የሚያምን ሰው ልዩነቱን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

እዚህ ላይ «የሚሠራውን አትንካ» የሚለውን የአገር ውስጥ ፍልስፍና ማቃለል አልፈልግም፤ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤሲ 97 የተባለው ሥርዓት ከኋላ ያለውን ድምፅ ጭምር በፊት ጃክ በኩል አዙሮ ያሳልፈው ነበር። የፊቱ ገመድ ከተነቀለ በምትኩ ሁለት ትንንሽ ጃምፐሮች መግባት አለባቸው፤ አንዱ 5ኛውንና 6ኛውን መርፌ፣ ሌላው 9ኛውንና 10ኛውን ያገናኛል። ያንን ያላወቀ ሰው የፊቱን ሊያድን ሲነካካ የኋላውንም አጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣው ኤችዲ ኦዲዮ ይህን ጣጣ አስቀርቶ ሌላ አመጣ፦ ማዳመጫ መሰካቱን የሚያሳውቅ ሽቦ። የድሮ ሳጥን ገመድ ሽቦው ስለሌለው ካርዱ ማዳመጫው በዓይን እየታየ «ማንም አልመጣም» ይላል። ያኔ መድኃኒቱ በካርዱ ሶፍትዌር ውስጥ ይህን የመሰካት ማረጋገጫ ማጥፋት ነው።

በቡታጅራ ያገኘሁት ማስረጃ የበለጠ ጠንካራ ነው። የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ ሴት ሳጥኗ እንዳይግል ክዳኑን ከነጭራሹ አንሥታዋለች። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይታያል፦ ካርዱ፣ በካርዱ ላይ አቧራ የጠጡት ዘጠኝ መርፌዎች፣ አጠገቡ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካችው ገመድ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም።

«እህቴ፣ ይቺን ነቅለሽ እዚህ ለምን አትሰኪያትም?»

«የአጎቴ ልጅ ነው የሚያውቀው። አዲስ አበባ ነው፤ ለመስቀል ይመጣል።»

«ባለፈው መስቀል አልመጣም?»

«መጥቷል። ክትፎ ላይ ማን ኮምፒውተር ይነካካል?»

«እኔ ልሰካልሽ?»

«ኧረ ይተዉት ጋሼ፣ አሁን እኮ ይሠራል።»

ወደ ፊት ብዞር እውነቷን ነው። ከጓሮ ማራዘሚያ ገመድ አምጥታ፣ በሳጥኑ ጎን አሳልፋ፣ ጫፉን ትክክለኛዋ የማዳመጫ ቀዳዳ ላይ በነጭ የቁስል ፕላስተር ለጥፋዋለች። ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ «ሄድፎን» ተብሎ ተጽፏል።