ሊብሬው ባንክ ቤት፣ መኪናው መንገድ ላይ

ወዳጄ፣ በዕዳ የተገዛ መኪና ይሸጥ ወይስ ይያዝ የሚለው ጥያቄ በሰው ላይ ሲሆን ለመምከር ቀላል ነው፤ በራስህ ሲመጣ ግን እንቅልፍ ይነሳል። እኔ ከአርሲ ነገሌ ሻሸመኔ የሚመላለስ አንድ አባዱላ አለኝ። አለኝ ልበል እንጂ ሊብሬው ባንክ ቤት ነው፤ ትራንስፖርት ቢሮ ያለው ፋይልም እገዳ ተጽፎበታል።

ነገሩን ያወሳሰበው የብር ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መኪና ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ስለሆነ አሮጌውም አዲሱን ተከትሎ ተወደደ። የኔ ዕዳ ግን በድሮው ብር እንደተጻፈ አለ። ሚስቴ «ዋጋው እንዲህ ከወጣ ሽጠን እንገላገል» ትላለች። መናኸሪያ ያሉ ጓደኞቼ ደግሞ «አብደሃል እንዴ? ብር ይወርዳል፣ መኪና ይወጣል፤ ጥርስህን ነክሰህ ያዛት» ይሉኛል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ጭንቁም እሱ ነው።

ዋጋውን አዳማ ያለ ደላላ ያውቀዋል ተባልኩና ለመሄድ ተነሳሁ። ባዶ ከመሄድ ብዬ ደግሞ እስከ መቂ ሰው ጫንኩ። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት፣ አዴ የምንላቸው፣ ጄሪካን ይዘው መጡ። የነገሌ ሰው ጄሪካን ሲያይ ውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ከተማችን የምትታወቀው በአረቄዋ ነው፤ በጌሾና በብቅል ተጠንስሶ፣ በእንጨት እሳት ወጥቶ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። እሳቱ ሥር ዓይናቸው እየተቃጠለ ስንት እናቶች ልጅ አስተምረውበታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ደብተሬ የተገዛው በዚያው ገንዘብ ስለሆነ፣ አዴን ጄሪካንዎን ያውርዱ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

ቡልቡላን ሳናልፍ አንድ ጉድጓድ ገባሁና መኪናዋ ዘለለች፤ የጄሪካኑም ክዳን ተስፈነጠረ። ዳግም አረቄ መሆኑን ያወቅነው በጠረኑ ነው። ምንጣፉ ጠጣ፣ የወንበሩ ስፖንጅ ጠጣ፣ የኔም የሱሪ እግር ሳይቀር ራሰ። አዴ ጭንቅላታቸውን ይዘው ስለ ንብረታቸው ሲያለቅሱ፣ ተሳፋሪው ደግሞ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይተነፍሳል።

መቂ መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ገና በሩን ስከፍት ፊቱ ተለወጠ። «ሹፌር፣ ውረድ።» ወረድኩ። «ተንፍስ።» በገበያ ቀን፣ ጋሪውና ባጃጁ ቆሞ እያየኝ፣ አንድ ልጄ የሚሆን ወጣት አፍንጫ ላይ አፌን ከፍቼ እፍ አልኩ። «እንደገና።» እንደገና እፍ አልኩ። ሙዝ የምትሸጥ ልጅ ሥራዋን ትታ ቀርባ ቆመች። አዴ ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ የሰከረችው መኪናዋ ናት፤ እሱ አልቀመሰም!» ብለው ሲጮኹ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ ፖሊሱም ከንፈሩን ነክሶ መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝ።

አዳማ ስደርስ ደላላው ገዢ ይዞ ይጠብቀኛል፤ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሐጂ። ሐጂ በሩን ከፈቱና የጋቢያቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዘወር አሉ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ከመኪናው ራቅ ብለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በትዕግሥት ሰሙኝ። ደላላው ግን ጊዜ አላጠፋም። «ጋሼ፣ ሌላ ገዢ አለኝ» አለ። «ግማሹን አሁን በእጅህ ይሰጥሃል፣ የባንኩን በየወሩ እሱ ይከፍላል። አንተ ውክልና ትሰጠዋለህ፤ አለቀ።»

እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ደነገጠ፤ በደስታ። ገንዘቡን በዓይነ ኅሊናዬ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ያኔ ሐጂ ከወንበራቸው «ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ። «ሊብሬው በስምህ እስካለ ድረስ መኪናው ሰው ቢገጭ ተጠያቂው አንተ ነህ። ገዢው ሁለት ወር ከፍሎ ቢያቆም ባንኩ የሚያውቀው አንተን ነው። ከሁለታችሁ አንዱ ቢሞት ደግሞ ውክልናው ይሞታል።»

ኋላ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠየቅኩ፤ ሐጂ አልተሳሳቱም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ለባለሞተር ተሽከርካሪ ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ክፍያ ሲቋረጥ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። በሐራጅ የተሸጠ መኪና ምን ያህል እንደሚያወጣ መናኸሪያ የዋለ ሁሉ ያውቃል።

ቀናው መንገድ ይኸው ነው። ከባንኩ ቀሪ ዕዳህን የሚገልጽ ደብዳቤ ታወጣለህ፤ ገዢው ያንን ገንዘብ በቀጥታ ብድሩ ሒሳብ ውስጥ ያስገባል፤ ባንኩ የእገዳ ማንሻ ይጽፋል፤ ስሙ ይዛወራል፤ የተረፈው ያንተ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያለው ገዢ ማግኘቱ ግን ይከብዳል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ገዢም እንደኔ ተበድሮ ልግዛ ቢል በቀላሉ አያገኝም።

ይያዝ የሚሉኝ ጓደኞቼስ? መኪናው ይወደዳል ያሉት ልክ ነው። ግን የወሩ ክፍያ የሚወጣው ከቀን ገቢ ነው፤ ገቢው ደግሞ ነዳጅ ይበላዋል። መስከረም 2017 መጨረሻ ላይ 91 ብር ከ14 ሳንቲም የገባው ቤንዚን ጥር ላይ 101 ብር ከ47 ሆኖ ነበር፤ ናፍጣውም አብሮት ወጣ፤ ጎማውም እንዲሁ። ታሪፍ ግን እንደነዳጅ አይሮጥም። የመኪና ዋጋ መውጣት የሚጠቅመው ወይ ለሚሸጥ ወይ መጠበቅ ለሚችል ሰው ነው። ክፍያ ለመሙላት ከዕቁብ፣ ከዕድር ጓደኛ፣ ከአማት የሚበደር ሰው እየጠበቀ አይደለም፤ ዕዳውን በዕዳ እየቀየረ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

ስለዚህ እሸጣለሁ። ዋጋው ከዕዳው በልጦ ሳለ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ፣ በባንኩ በር አድርጌ። በሚተርፈኝ ገንዘብ ዕዳ የሌለባት ባጃጅ ብትገኝ እገዛለሁ፤ ባትገኝም የሰው መኪና ነድቼ ደሞዝ አመጣለሁ። አንተም በዕዳ የተያዘ መኪና ካለህ፣ ቀሪ ዕዳህን ባንኩ በጽሑፍ እንዲሰጥህ አድርግ፤ የሦስት ወር ገቢና ወጪህን አጠገቡ ጻፍ፤ ከሚስትህ ጋር ሆነህ አንብበው። ለሐጂም ደውዬላቸዋለሁ። «ደብዳቤውን ይዘህ ና፣ እንነጋገራለን» ብለውኛል፤ «ወንበሩን ግን በሳሙና አሳጥበው።»