ሹራብ ለሰመራ

የግል ትምህርት ቤት ባለቤቶችን ማማት ነውር ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ልጅን ሹራብ አልብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ በረዶ ያዘለ ጥድ ሥር አቁሞ በትምህርት ቤት ባነር ላይ ማሳየት የዋዛ ተአምር ነው? ሰመራ ስንት ዓመት ችግኝ እያጠጣች ያላየችውን ደን ባነር ሠሪው በአንድ ሌሊት አውርዶላታል። ከኢንተርኔት።

አዋሽ ሰባት ላይ አንዱን ባነር ቀረብ ብዬ አየሁት። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች አቧራ የሚያለብሱት አጥር ላይ ተሰቅሏል። ሦስት ፈረንጅ ልጆች አንድ ላፕቶፕ ከበው ይስቃሉ። ወርቃማ ጸጉራቸው ላይ የፎቶው ነጋዴ ማኅተም በስሱ ይታያል፤ ያልተከፈለበትን ሥዕል ማኅተሙን እንኳ ሳይፍቁ መስቀል ግልጽነት ይባላል። ከሥሩ «ኢንተርናሽናል አካዳሚ» ይላል። ዘበኛውን ኢንተርናሽናሉ በየት በኩል እንደሆነ ብጠይቀው ወደ ባነሩ ጠቆመኝ።

ግመል ሸጦ ልጁን ከተማ ሊያስተምር የመጣ የአፋር አባት እዚህ አጥር ሥር ሲቆም ሁለት ነገር ባንዴ ይገባዋል። ይህ ቤት ትልቅ ነው፤ ይህ ቤት የእኔ ልጅ ቤት አይደለም። ሻሽ ያሰረች ልጅ በሥዕሉ የለችም፤ አንድም የአፋርኛ ቃል አልተጻፈበትም። ገንዘብ ካለው ልጁ ሥዕሉን እንዲመስልለት ይከፍላል። ከሌለው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። በሁለቱም መንገድ ሂሳብ፣ ሳይንስ የሚያስተምረው ማን እንደሆነ፣ ግቢው ውስጥ ውሃ ይኑር አይኑር ሳይጠየቅ ይቀራል። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር የሚለው ፖሊሲ ከወጣ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ሚኒስትር ተቀያየረ፤ ባነሩ ግን ፖሊሲ የማንበብ ግዴታ የለበትም።

የአፋር ልጅ ፎቶ አይነሳም ብሎ የሚከስ ቢኖር ግን ሐሰት ነው። እንዲያውም እንደሱ የተነሳ የለም። የእርዳታ ድርጅት መጽሔት ላይ ባዶ እግሩን፣ ዛፍ ሥር፣ ግመል ከኋላው ቆሞለት፣ «አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት» ከሚል ጽሑፍ በላይ ታገኙታላችሁ። ኅዳር 29 ቀን 2010 ዓ.ም. 12ኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሰመራ ላይ ሲከበር ደግሞ ጊሌውን፣ ያን የአፋር ጩቤ፣ ታጥቆ ለካሜራ የጨፈረ ስንቱ ነው! የሥራ ክፍፍሉ የታወቀ ነው፦ የአፋር ልጅ ሥዕል ለለጋሽ፣ የፈረንጅ ልጅ ሥዕል ለአፋር አባት።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ዳጉ የሚባል የወሬ መለዋወጫ ወግ ባለው ሕዝብ መካከል መሆኑ ነው የሚያስቀው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ይሉና ስለ ግጦሹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰላሙ ይጠያየቃሉ፤ ያዩትን ከሰሙት ለይተው ይነጋገራሉ። በዳጉ የዋሸ ይጠየቅበታል። ኋላ ቀር ነገር ነው መቼም፤ ቀለም የለው፣ የምዝገባ ቅናሽ የለው። እንዲህ ያለ ሕግ ለባነር ይውጣ ቢባል የስንቱ ማተሚያ ቤት እንጀራ ይዘጋ ነበር!

እስከዚያው የአምስት ዓመት ሕፃናትን በዚያ ሐሩር ጥቁር ጋውን አልብሰን ከኬጂ እናስመርቃለን፤ ለቀጣዩ ባነር ፎቶ ይሆናል። የ12ኛ ክፍሉ ፈተና ነገር ግን ፎቶ አይወጣለትም። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን ቁጥር አጥሩ ላይ የሰቀለ ትምህርት ቤት እስካሁን አልገጠመኝም።

የአዋሽና የሰመራ ወላጆች ሆይ፣ ለምዝገባ ስትሄዱ ባነሩን እለፉትና እንደ ልማዳችሁ በዳጉ ጠይቁ፤ ልጁን እዚያ ያስገባውን ዘመድ፣ አምና ለቆ የሄደውን መምህር። ያለፈውን ዓመት ውጤት አሳዩን በሉ። ርእሰ መምህሩ ካኮረፈ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።