የቡልቡላ ቀንድ አውጣዎች

የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወርዶ አቢጃታ በሚገባበት ዳርቻ፣ ከደንገል ሥር፣ የቀንድ አውጣዎች አገር ነበረ። የወንዙ ውሃ ከደማቸው ያነሰ ጨው ስላለው ሌት ተቀን በቆዳቸው እየሰረገ ይገባባቸዋል። ኩላሊታቸው ትርፉን ውሃ በቀጭን ሽንት ያስወጣል፤ ቆዳቸውም የጎደለውን ሶዲየም ከወንዙ እየለቀመ ይተካል። አገሩ የቆመው ማንም በማያመሰግነው በዚህ ሥራ ነበር።

ኋላ የወንዙ ውሃ ከላይ ለመስኖ እየተጠለፈ ቀጠነ። አቢጃታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ውሃው ሲተን ጨውና ሶዳው ይቀራል። ወንዙ ሲቀጥን ቀንድ አውጣዎቹ የቀሩበት የዳርቻ ኩሬም ከቀን ወደ ቀን እየከረረ ሄደ።

ዛጎላቸው መዝጊያ ያለው ወገኖች ወዲያው በራቸውን ዘጉ። «ያልፋል» አሉ ከውስጥ። አልፈርድባቸውም፤ በር ያለው በክፉ ቀን ይዘጋል። ነገር ግን በሩን የዘጋ አይበላም፣ እንደ ልቡም አይተነፍስም።

በር የለሾቹ የሚሸሸጉበት አልነበራቸውም። ጨው በውጭ ሲበረታ ውሃ ከሥጋቸው ይወጣ ጀመር። ሸንጎ ተቀምጠው ደማቸው እንደ ኩሬው እንዲከር ፈቀዱ። የውሳኔው ሸክም ግን ያረፈው ሸንጎ ባልተጠራው፣ በእያንዳንዱ ሴል ላይ ነው። ሴሉ እንዳይጨማደድ የገዛ ፕሮቲኑን እያፈረሰ አላኒንና ፕሮሊንን የመሰሉ አሚኖ አሲዶችን በውስጡ አከማቸ፤ ውሃውንም በእነሱ ያዘ። ብርድን ለማለፍ የቤትን ማገር ነቅሎ እንደ ማንደድ ነው። ቤቱ ይሞቃል፤ ማገሩ ግን አለቀ።

የሸንጎው ሽማግሌ ደስ አላቸው። «ይኸው ኖርን፤ አንድም አልጎደለብንም!» አሉ። ጨው ቀስ እያለ ስለመጣ ነው እንጂ በአንድ ሌሊት ቢወርድባቸው ኖሮ ለሸንጎም ባልተረፉ።

አንዲት ወጣት ተነሣች። «አባቴ፣ የቆመውን ብቻ ቆጠሩ። አምና ከዚህ ቅጠል ሥር እንቁላል ተለጥፎ ቦታ አይበቃም ነበር። ዘንድሮስ?»

ሽማግሌው ቅጠሉን ገልብጠው አዩ። የተለጠፈው ጥቂት ነበር፤ ያም አልተፈለፈለም።

«እንቁላል የምንጥልበትን ጉልበት ከጨው ጋር ስንታገል ጨረስነው» አለች ወጣቷ። «የኖርነው በልጆቻችን ዕድሜ ነው።»

ሸንጎው ተንጫጫ። አንዱ «ዝናብ ይመጣል» ይላል፤ ሌላው «መዝጊያ ይብቀልልን» ይላል። ሽማግሌው ግን ሌላ ጠየቁ፦ «ቡልቡላ ዛሬም ይፈሳል?»

«ቀጥኗል እንጂ ይፈሳል።»

«እንግዲያው ሽቅብ እንሂድ። በር የዘጉትንም አንኳኩላቸው። ደግሞ አትቸኩሉ፤ የከረረ ደም በድንገት ጣፋጭ ውሃ ሲያገኝ ሥጋን ያሳብጣል። በየመታጠፊያው እያረፍን፣ ደማችንን እያለመድን ነው የምንወጣው። እንቁላል የያዛችሁ ቅደሙ፤ እኛ ሽማግሎች ከኋላ፣ በጨው በኩል እንሆናለን።»