ሞተር ለማስነሳት ስንት ጣጣ

አገር ቤት ክረምት ስንል ዝናብ፣ ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ነው። እዚህ ሚኒያፖሊስ ያለው ግን ስሙን ብቻ የተዋሰ ሌላ ፍጡር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 መጨረሻ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰበት ጠዋት ነበር። እንዲህ ባለ ብርድ በጨለማ ወጥቶ መስታወት መፋቅ፣ በረዶ የሆነ መሪ መጨበጥ፣ እንደ ድንጋይ በጠጠረ ወንበር ላይ መቀመጥ! እና ከቤት ሆኜ መኪናዬን የማስነሳበት ሪሞት ልግዛ ብል ማን ይፈርድብኛል?

የፈረደብኝ ምርጫው ነው።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ «ዋን ዌይ ነው ቱ ዌይ የምትፈልገው?» አለኝ። ስለ መንገድ የሚጠይቀኝ መሰለኝ። ለካ አንደኛው ተጭነኸው ዝም የሚል ነው፤ መኪናዋ ትነሳ አትነሳ በመስኮት አንገትህን አስግገህ ታያለህ። ሁለተኛው «ተነስታለች» ብሎ መልስ ይልካል፤ ለዚያች መልስ ሲባል ዋጋው ያሻቅባል። ርቀቱስ? ካርቶኑ ላይ አንድ ማይል ይላል። አንድ ማይል የሚሆነው ታዲያ ግድግዳም ሕንጻም በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ፣ መኪናዬ የምታድረው ከሕንጻው ጀርባ። ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ካለ እሱ ይግዛው።

«እንግዲያው በስልክ ይሁንልህ፣ አዲስ አበባ ሆነህም ታስነሳታለህ» አለኝ። አዲስ አበባ ሆኜ ሚኒያፖሊስ ያለች መኪና ለማን ላሙቅ? ደግሞ በየዓመቱ ይከፈልበታል። የገዛ መኪናዬን በገዛ ቤንዚኔ ለማስነሳት ኪራይ! ከፋብሪካው ተገጥሞላቸው የገዙትም አላመለጡም። በ2021 መጨረሻ ቶዮታ በአንዳንድ መኪኖቹ ላይ፣ የነጻው ጊዜ ሲያልቅ፣ በቁልፉ ሪሞት ለማስነሳት እንኳ ክፍያ እንደሚጠይቅ ሲሰማ ሰው ጉድ ብሎ ነበር። በ2022 ደግሞ የ3ጂ ኔትወርክ ሲዘጋ በሱ ይሠሩ የነበሩ መኪኖች ከስልክ ጋር ተቆራረጡ። ሞተሩ ደህና፣ ባትሪው ደህና፣ ስልኩም ደህና፤ መሐል ያለው ሞተ።

የቁልፉ ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። ቁልፌ ውስጥ ሌባ እንዳይነዳት የተቀመጠ ቺፕ አለ፤ እሱን ካላወቀችው መኪናዬ አትነሳም። ሪሞቱ እንዲሠራ ይህን ጥበቃ የሚያታልል ሞጁል ለብቻው ይገዛል። ገጣሚው (ስንኝ ሳይሆን ሽቦ የሚገጥመው) ይህን ሲያስረዳኝ ለጥበቃውም፣ ጥበቃውን ለማታለያውም ከፋዩ እኔው መሆኔ ገባኝ። ከ2011 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል አሜሪካ ውስጥ ከተሸጡት በቁልፍ የሚነሱ የኪያና የሃዩንዳይ መኪኖች ብዙዎቹ ይህ ጥበቃ የላቸውም፤ ሌባ ይህን አውቆ እዚህ ከተማ ውስጥ ሲነዳቸው ከርሟል። እነሱ ሞጁል አያስፈልጋቸውም፣ ወጪያቸው ይቀላል። ለሌባ የተመቸ ለሪሞትም ተመቸ ማለት ነው። (ማንዋል ካምቢዮ ያለውማ፣ ብዙው ሱቅ ጭራሽ አልነካም ይላል።)

ይህን ሁሉ ቡና ላይ ስዘረዝር ታክሲ የሚነዱ አንድ አባት ሰምተው «አንተ ልጅ፣ ምን አስጨነቀህ? ወርደህ ቁልፉን ሰክተህ አስነሳና ተመልሰህ ቁርስህን ብላ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሰው በሌለበት መኪና ላይ ቁልፍ ትቶ መሄድማ በከተማው ደንብ ክልክል ነው» ብላቸው፣ «ሌባውን እንጂ ደንቡን ማን ፈርቶ!» ብለው ሳቁ።

እሺ፣ ሁሉንም ከፍዬ አስገጠምኩ እንበል። አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ሠርታ ራሷ ትጠፋለች። አንዳንዱ ደግሞ ገና በሩን ስትከፍተው ሞተሩን ያጠፋል፤ ብርድ ላይ ቆመህ እንደገና ታስነሳለህ። ይህን የፈለሰፈው ሰው ክረምቱን የት ነው የሚያሳልፈው?

ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄጄ «በቃ፣ ርካሹን ግጠምልኝ» ብለው፣ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መጋቢት መጨረሻ ብትመጣ ቅናሽ ይኖራል» አለኝ። እስከዚያው ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ መስታወቴን እየፋቅኩ ነበር፤ ትናንት ጠዋት እሱም ለሁለት ተሰበረ።